ሰዒድ ሱቅ የተተወው አድራሻ

ትሩፋት ከጦር ካምፑ የወጣችው በ1984 ዓ.ም. መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። ቤቶቹ ለሌላ ሥራ ስለሚፈለጉ ነዋሪዎች ይልቀቁ የሚል ወረቀት በር ላይ ከተለጠፈ ወር አልፎት ነበር። ሴቶቹ ይራዘም ይሆናል እያሉ ሲጠባበቁ ቆይተው በመጨረሻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተበታተኑ። አንዷ ቃሊቲ ወረደች፣ አንዷ ኮልፌ እህቷ ዘንድ ተጠጋች፣ አንዷ ልጆቿን ይዛ ደብረ ብርሃን ገባች። ግድግዳው ስስ ስለነበር የአንዷ ሕፃን ሲያስል ሌላዋ ከእንቅልፏ ትነቃ ነበር። አሥራ አራት ዓመት እንዲያ የኖሩ ሰዎች ፍራሻቸውን በየጭነት መኪናው ጭነው ሲለያዩ በቅጡ ለመሰነባበት እንኳ ጊዜ አላገኙም።

ትሩፋት ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ አሥር አለቃ ኢያቄም የጦሩ ሾፌር ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤ ከሰሜን የደረሳት በጥር 1982 ሲሆን፣ ሴት ልጃቸው ጸደንያ ስንት ቁጥር ጫማ እንደምታደርግ ጻፊልኝ ይላል። የልጅቷን እግር በክር ለክታ ክሩን በፖስታ ላከችለት። መልስ አልመጣም። ኋላ ጦርነቱ አልቆ ሠራዊቱ ሲበተን ብዙ ወንዶች ከስተው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው በእግራቸው ገቡ። ኢያቄም ግን ከገቡት ጋር አልነበረም። ሞተ የሚል አልተገኘም፤ አለ የሚልም አልተገኘም።

ከካምፑ በር ፊት ለፊት የሰዒድ ሱቅ ነበረች። ሰዒድ ስኳርና ሳሙና፣ ጋዝ፣ ክርና መርፌ የሚሸጥ፣ አጠር ያለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። የትሩፋት ዕቃ ተጭኖ አልቆ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቃት ወደ ሱቁ ገባች።

«ጋሽ ሰዒድ፣ ኢያቄም ቢመጣ ቤቱ ሰው የለበትም። የት እንደሄድን ማን ይነግረዋል?» አለችው።

ሰዒድ ከመደርደሪያው ላይ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደ። ውስጡ የተጣጠፉ ወረቀቶች ነበሩ።

«አንቺ አምስተኛዋ ነሽ። ጻፊና እዚህ ክተቺው» አላት።

«ሀና ማርያም ሳይደረስ፣ የገዲሴ ግቢ፣ ልብስ ሰፊዋ ተብሎ ይጠየቅ» ብላ ጻፈች።

የገዲሴ ግቢ ከላፍቶ ወዲያ፣ በቅንጭብ የታጠረ፣ ከኋላው የጤፍና የሽምብራ ማሳ እስከ ወንዙ ድረስ የተዘረጋበት ነበር። ገዲሴ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ እዚያው የኖሩ የገበሬ ዘር ናቸው። ሰፈሩ በኦሮምኛ አዴ፣ እናት፣ ይላቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። እርሻውን የሚያርሰው ልጃቸው ነገሪ ሲሆን፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ካባ እየሄደ ይፈልጣል። ከዋናው ቤት ጎን ያለችውን አንዲት ክፍል ለትሩፋት አከራዩአት። ትሩፋት የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አቆመች፣ የኢያቄምን ፎቶ ከአልጋው በላይ ሰቀለች፣ ልጇን መካኒሳ ትምህርት ቤት አስገባች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዷት። ካምፑ ውስጥ ጩኸቱ ያማርራት ነበር፤ እዚህ ደግሞ ጸጥታው እንቅልፍ ነሳት። እዚያ ጨው ሲያልቅባት ግድግዳውን ታንኳኳና እትዬ ፀሐይወርቅ በመስኮት ታቀብላት ነበር። ፀሐይወርቅ በዕድሜ የምትበልጣት፣ ጸደንያን ስትወልድ እጇን ይዛ ያዋለደቻት ጎረቤቷ ናት። ወደ ቃሊቲ ሄደች ከመባሉ በቀር የት እንደገባች አታውቅም። አንዳንድ ቀን ትሩፋት ጨው ሊያልቅባት ሲል እጇ ወደ ግድግዳው ይሄድና ከወዲያ ያለው የነገሪ በሬዎች ማደሪያ መሆኑ ትዝ ይላታል።

ገዲሴ ዝም ብለው አላዩአትም። የሽምብራው እሸት ሲደርስ አንድ እቅፍ ነቅለው በሯ ላይ አስቀመጡላት። ሌላ ቀን ወተት አመጡ። ትሩፋት እንዴት እንደምትመልሰው ቸግሯት የተቀደደ ቀሚሳቸውን ለምና ወስዳ ጠገነችላቸው።

«እድር ግቢ እንጂ» አሏት አንድ ቀን። «ሰው ያለ እድር እንዴት ይኖራል?»

«አዴ ገዲሴ፣ ባሌ ሲመጣ ወደ ሌላ ሰፈር እንሄዳለን። ለጥቂት ጊዜ ብዬ ነው።»

ትሩፋትም ሁለት ዓመት ሙሉ ለጥቂት ጊዜ እንዳለች ኖረች።

በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ እየቀያየረች ወደ ሰዒድ ሱቅ ትሄዳለች። ሰዒድ ገና ከሩቅ ሲያያት ራሱን ይነቀንቃል፤ አልመጣም ማለቱ ነው። ክርና ሳሙና ትገዛለች፣ የካምፑ ሴቶች ማን ብቅ እንዳለ፣ ማን ምን እንዳገኘ ትሰማለች፣ ትመለሳለች። ስለት ነበረባት፤ ኢያቄም በሰላም ከገባ ለሀና ማርያም ጃንጥላ አገባለሁ ብላለች። በየእሁዱ ጧፍ ታበራለታለች።

በ1985 ሐምሌ ላይ ሰዒድ ተለወጠ። ስትገባ ራሱን መነቅነቅ ተወ። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «ዝናቡ በረታ» አላት። በርጩማ አውጥቶ አስቀመጣት። ሳሙናውን ጠቅልሎ ሰጥቷት ሒሳቡን አልቀበልም አለ። ከዚያ ጥያቄ አበዛባት። ዘመድ አዲስ አበባ አለሽ? የግቢው ባለቤት ምን ዓይነት ሰው ናቸው? እድር ገብተሻል?

ትሩፋት መንገድ ላይ ሆና ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። የሰዒድ ሚስት ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሌላ ነገር አስቦ እንዳይሆን ብላ ጠረጠረች፤ አፈረችም፤ በነሐሴ ሳትሄድ ቀረች።

ሰዒድ ያሰበው ሌላ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ በክራንች የሚሄድ አንድ ሰው ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ስለ አሥር አለቃ ኢያቄም ቤተሰብ ጠይቆታል። ራጉኤል ይባላል፤ ከኢያቄም ጋር በአንድ ክፍል ያገለገለ ነው። ሱዳን ስደተኛ ሆኖ ቆይቶ ገና መመለሱ ነበር። ኢያቄም መሞቱን በዓይኑ አይቷል። ሰዒድ ያንን ከሰማ በኋላ ትሩፋት ፊቱ ቆማ ሳሙና ስትጠይቀው አፉን ሊከፍት ሞከረ፤ አልቻለም። ባንኮኒ ተደግፋ የቆመች ሴት መርዶ አይነገራትም። ዘመዶቿ ጎጃም ናቸው፤ የሚያለቅስላት፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል። ሰዒድ ያለው ያ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ክረምቱ ጋብ ሲል በየሳምንቱ ዓርብ ከሶላት በኋላ ሱቁን እየዘጋ፣ ሴቶቹ ለባሎቻቸው ብለው የተዉትን አድራሻ እያነበበ በየሰፈሩ ዞረ። ቃሊቲ ፀሐይወርቅን አገኘ። ኮልፌ ሄደ፣ ሣሪስ ሄደ፣ አንዷን ፍለጋ ሰበታ ድረስ ሄደ። የካምፑን ሴቶች አሥራ አንድ ሲያደርስ ወደ ገዲሴ ግቢ መጣ፤ ትሩፋት ገበያ በሄደችበት ሰዓት ነበር። ገዲሴ ነገሩን ሰምተው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «እሁድ ጠዋት ይሁን፤ እኔ አዘጋጃለሁ» አሉ።

የመስከረም የመጨረሻው እሁድ ነበር። ትሩፋት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጧፏን ይዛ በሯን ከፈተች። ጎህ መቅደዱ ነው። የቅንጭቡ አጥር በር ክፍት ነበር፤ በሩ ላይ እትዬ ፀሐይወርቅ ቆማለች።

ትሩፋት መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ይህን ኋላ ለብዙ ጊዜ ታስበው ነበር። ሁለት ዓመት ያላየችውን ፊት አየችና ልቧ ዘለለ፤ ሁለት እርምጃም ሮጠች። ከዚያ ከፀሐይወርቅ ኋላ ሌላ ሴት አየች፤ ከእሷ ኋላ ሌላ። ሁሉም የካምፑ ሴቶች ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከአጥሩ ውጭ ሰዒድ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ በክራንች ከቆመ ሰው አጠገብ ይታያል። ዘወር ስትል ገዲሴ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው አስረው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ግቡ እንጂ» አለች ትሩፋት። «ቆይ፣ መቀመጫ ላምጣ። ቤቱ አይበቃም፤ ከአዴ ገዲሴ በርጩማ ልለምን።» ወደ ክፍሏ ተመልሳ ወንበር አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ በስፌት መኪናው ላይ የነበረውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች።

ፀሐይወርቅ ተከትላት ገብታ ጨርቁን ከእጇ ወሰደችው።

«ትሩፋት፣ መቀመጫው ይቅር» አለቻት።

የሆነውን ሁሉ በደንብ አታስታውሰውም። መሬት ላይ እንደነበረች፣ ጸደንያ ከአልጋ ተነስታ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ስትል፣ የገዲሴ ሰፊ እጅ ደረቷን እንዳትመታ ሁለቱን ክንዶቿን አንቆ ሲይዝ ትዝ ይላታል።

ረፋድ ላይ የሰፈሩ እድር ዳኛ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። አዘኑ፣ ተቀመጡ፣ ከዚያ ዳኛው ገዲሴን ወደ ጎን ጠርተው ሴትየዋ አባል አይደለችም፤ ደንቡ ድንኳን ለአባል ብቻ ነው ይላል አሏቸው።

«ግቢው የማን ነው?» አሉ ገዲሴ።

«የርስዎ።»

«እኔ ከተቋቋመ ጀምሮ አባል ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ለቅሶ አለ። ድንኳኑን ለኔ ትከሉ፤ የሞተብኝ እኔ ነኝ ብላችሁ ጻፉ።»

ዳኛው ጥቂት አሰቡና ልጆቹን ድንኳኑን እንዲያመጡ ላኩ። ከሰዓት በኋላ ትሩፋት ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሰጥታቸው የማታውቃቸው ጎረቤቶች ከነልጆቻቸው ድንኳኑን ሞሉት። ነገሪ ለዘር ያስቀመጡትን ሽምብራ ለንፍሮ አወጣ። ከካምፑ የመጡት ሴቶች ሦስት ቀን ከገዲሴ ቤት ሳር ጎዝጉዘው ተኙ።

በሁለተኛው ቀን ትሩፋት ራጉኤልን አስጠራችው። ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ንገረኝ» አለችው።

ራጉኤል ነገራት። በ1982 የካቲት መገባደጃ መኪኖቹ ተቃጥለው በእግር ሲያፈገፍጉ ነበር። ኢያቄም ሆዱ ላይ ተመታ። አራት ሆነው በብርድ ልብስ አንድ ቀን ሙሉ ተሸከሙት። በማግስቱ ፀሐይ ሳትበረታ ሞተ። ግራር ሥር ቀበሩት፤ ድንጋይ ከምረውበታል። ቦታውን ግን ዛሬ ሄዶ ማግኘት አይችልም።

«ምን አለ? እኛን ጠራ?»

«እህቴ፣ ብዋሽሽ ይቀለኝ ነበር። ስማችሁን ሲጠራ አልሰማሁም። ራሱን አያውቅም ነበር። ውሃ አለ። የነበረችንን ሰጠነው።»

ትሩፋት አመነችው። ጠርቶሻል ቢላት ኖሮ ሌላውንም አታምነውም ነበር። ውሃ ሰጡት የሚለው ግን እውነት መሆኑን አወቀች፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ ሲርቅባት የሚመለሰው እዚያ ላይ ነው።

ሌላ የሚያንገበግባት ነገር ነበር። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ጧፍ ያበራችው ለሕያው ሰው ብላ ነው። ፍትሐት አላስፈታችለትም፣ አርባውን አላወጣችለትም። ሀና ማርያም ሄዳ ንስሐ አባቷን ጠየቀች። ቄሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ አዳመጧትና «እግዚአብሔር የት እንዳለ ያውቅ ነበር። አንቺ ወደ ሰሜን ብለሽ የላክሽውን እሱ ወዳለበት አድርሶታል» አሏት። ፍትሐቱ ተደረገ። አርባው ከመርዶው ቀን ተቆጥሮ ወጣ፤ ሴቶቹም እንደገና መጡ።

ሰዒድን ግን ይቅር ልትለው አልቻለችም። አውቆ ሳሙና ጠቅልሎ ሰጥቷታል፤ ሁለት ወር ሙሉም ደብቋታል። ጥቁር ለብሳ ስትሰፋ ያ በርጩማ፣ ያ «ዝናቡ በረታ» የሚለው ቃል ይመጣባትና የሰፋችውን መልሳ ትተረትራለች። አራት ወር ሳትሄድ ቀረች። በጥር አንድ ቅዳሜ ክር ሲያልቅባት ከአጠገቧ ሱቅ መግዛት ስትችል ታክሲ ተሳፈረች።

ሰዒድ ሲያያት ከባንኮኒው ወጣ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች፤ ሰላምታም አልሰጠችውም።

«ማን ይይዝሽ ነበር?» አላት። «እኔ ልይዝሽ አልችልም፤ ባዕድ ወንድ ነኝ። ከዚህ እስከ ቤትሽ ሁለት ታክሲ ነው። መንገድ ላይ ብትወድቂ ማን ነች ብለው ያነሱሻል?» ቆይቶ ጨመረ፤ «ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ካምፑ በሙሉ ነው ወጥቶ የቀበረልኝ። ያን ቀን ብቻዬን ብሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።»

ትሩፋት ያንን ቀን ታስታውሳለች። እሷ ራሷ ለቀስተኛው ውሃ ስትቀዳ ውላለች። እንደዚያ ያለ ነገር ሰው ልብ ውስጥ ይኖራል ብላ ግን አስባ አታውቅም። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሌላ ሐሳብ ያለው መስሏት እንደነበር ልትነግረው ፈለገችና አፈረች፤ ክሯን ገዛች። ሰዒድ በዚያ ቀን ሒሳቡን ተቀበላት፤ ይህም ደስ አላት።

ከዚያ በኋላ የካምፑ ሴቶች መገናኘት አላቋረጡም። በየሦስት ወሩ በየተራ በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ሁለት ጊዜ ሰዒድ አስጠርቷቸው ለሌላ ሴት መርዶ ሄደዋል። ትሩፋት በመጀመሪያው «እኔ አልችልም» ብላ እምቢ ብላ ነበር፤ ፀሐይወርቅም አላስገደደቻትም። ሌሊቱን ስታስበው አድራ ጠዋት ግን ከእነሱ ቀድማ ታክሲ መያዣው ላይ ተገኘች። የምትናገረው አልነበራትም። ሴትየዋን ስትወድቅ ያዘቻት፤ እንዴት እንደሚያዝ ከገዲሴ ተምራለች።

ራጉኤልም ነፋስ ስልክ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ለበዓል ይመጣል፣ ጸደንያ ስለ አባቷ ትጠይቀዋለች። ኢያቄም መኪና ሲነዳ ይዘፍን እንደነበር፣ ድምፁ ግን እንደማያምር ነገራት። ልጅቷ ይህን ሰምታ ሳቀች፤ እናቷ፣ የአባቷ ስም ሲነሳ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻት ያን ቀን ነው።

ትሩፋት እድር ገባች። ካዘነችበት ግቢ አልወጣችም።

በ1990 ግንቦት እንደገና ጦርነት ተነሳ። በዓመቱ ነገሪ ተመዝግቦ ሄደ። ገዲሴ አልከለከሉትም፤ መንገድ ድረስ ሸኝተውት ሲመለሱ ግን ሬዲዮኑን ከመደርደሪያ አውርደው ወደ ትሩፋት ክፍል አምጥተው አስቀመጡት።

«አንቺ አድምጪ» አሏት። «የሚነገረኝ ካለ ንገሪኝ።»

ማታ ማታ በትሩፋት በር ላይ እየመጡ ይቀመጣሉ። አንድ ምሽት «ሰው እንዴት ነው የሚጠብቀው?» ብለው ጠየቋት።

ትሩፋት የስፌት መኪናዋን አቆመች። ይመጣል ልትል ከአፏ ደርሶ ነበር። ካምፑ ውስጥ ይመጣል ያሏትን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ኋላ እንዴት እንደጠላቻቸው ታውቃለች።

«አላውቅም፣ አዴ» አለች። «እኔ ሥራ ነው ያቆየኝ። ነገ ሽምብራውን አብረን እናርመው።»

በማግስቱ አብረው አረሙ። ትሩፋት የከተማ እጅ ነበራትና ከአረሙ ጋር ሽምብራውንም ትነቅል ነበር፤ ገዲሴ አይተው አላረሟትም።

ነገሪ በ1992 ጥቅምት ላይ ግራ እጁ ሁለት ጣት ጎድሎት ተሰናብቶ መጣ። ቀኑ ፀሐያማ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እልል እያለ ግቢውን ሞላው። ትሩፋት ከሁሉ ቀድማ ነው የደረሰችው፤ አቅፋ ሳመችው፣ ጫማውን ፈታችለት፣ ውሃ አጠጣችው። ከዚያ ማንም ሳያያት ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችና የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች።

የተሰማት ቅናት ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር ከእሷ ይወጣል ብላ አልጠበቀችም። ወተት ባመጡላት፣ ድንኳን ባስተከሉላት፣ ዘራቸውን ንፍሮ ባደረጉላት ሴት ላይ ቀናች። ሰፍታ የጨረሰችውን የተማሪ ዩኒፎርም አንስታ ጠርዙን እንደገና መስፋት ጀመረች።

በሩ ተከፈተ። ገዲሴ እንግዳውን ሁሉ ትተው መጥተዋል። ነጠላቸው ወደ ትከሻቸው ተንሸራቷል፤ ፊታቸው ላይ እንባ አለ። ትሩፋትን አዩአት፣ የምትሰፋውንም አዩት።

«አዴ፣ ይህችን ጠርዝ ልጨርስና እመጣለሁ» አለች ትሩፋት፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«አውቃለሁ» አሉ ገዲሴ። «ጨርሺው። ከጎኔ ቦታ ይዤልሻለሁ።»

በሩን እንደነበረ ገርበብ አድርገውላት ሄዱ። ትሩፋት ጠርዙን እስከ መጨረሻ ሰፋችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ዩኒፎርሙን አጠፈች፣ ፊቷን ከባልዲው ውሃ ታጠበች። ከዚያ ወደ ዋናው ቤት ገብታ፣ በሰው መካከል አልፋ፣ ከገዲሴ አጠገብ ተቀመጠች። ነገሪ ስለ መንገዱ እያወራ ነበር፤ አዳመጠችው።